«መቼ ነው ሰው የምትሆነው?»

(ከዚህ በታች የቀረበው በሼክ ኑር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኛ ወላጆችና ወጣቶች በአንድነት በተሰበሰቡበት ዕለት አንድ አባት ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪው በአገር ቤት መምህር የነበሩ ሲሆን ስማቸው እንዳይገለጽ ጠይቀዋል። ንግግሩ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ አጥሯል።)



ወንበር ስላልበቃን ቆማችሁ ለምታዳምጡት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወንበሩን የያዝነው እኛ ሽማግሌዎች ነን። የዛሬው ነገሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በአባቶችና በልጆች መካከል ስላለው አለመግባባት ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ሲነሣ እኛ አባቶች የምንለው የታወቀ ነው። የዛሬ ልጅ ሰው አያከብርም፣ ጫት ይወዳል፣ ዓይኑን ከስልኩ አያነሣም፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ትዳር አልያዘም እንላለን። ልጆቹም በበኩላቸው «እናንተ ያበላሻችሁትን አገር አወረሳችሁን» ይሉናል። ስብሰባው በዚህ ይጀመራል፣ በዚህም ያበቃል፣ ሁሉም ተኳርፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ዛሬ በዚያ መንገድ መሄድ አልፈልግም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ አንድ ቀን ማታ ከቀን ሥራ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ የግንባታ ሠራተኛ በሚመረጥበት ቦታ ቆሞ ሲጠብቅ አርፍዷል፤ የጠራው ሰው ግን አልነበረም። ይህን ሳልጠይቀው «እኔ በአንተ ዕድሜ ሚስት አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ ደመወዝ እያገኘሁ እናቴን እጦር ነበር። አንተ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?» አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። እራቱንም ሳይበላ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኝታው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ታህሪብ ሄዷል።

ታህሪብ ምን እንደሆነ ለዚህ ሠፈር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ወደ ቦሳሶ ወርዶ ባሕሩን ወደ የመን መሻገር ወይም በሱዳን በኩል በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ መግባት ነው። መንገድ ላይ ደላላው ይይዛል፣ ይደበድባል፣ ለቤተሰብ ስልክ ደውሎ ገንዘብ ይጠይቃል። እናቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ሰነበተች። ፈጣሪ ይመስገን፣ የእኔ ልጅ መንገድ ላይ ታሞ ስለቀረ በደግ ሰዎች ርዳታ ተመለሰ። በዚያው መኪና አብረውት ከተሳፈሩት መካከል እስከ ዛሬ ድምፃቸው ያልተሰማ አሉ።

ልጄ ካገገመ በኋላ ለምን ሳይነግረን እንደሄደ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ የሄድሁት ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው ሆኜ ልመለስ ብዬ ነው» አለኝ። ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ከእርሱ ጋር ተሳፍሮ ቦሳሶ ድረስ ሊሄድ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ያሰብሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

እኛ እንዴት ሰው ሆንን?

በአገራችን አንድ ወንድ ልጅ ማደጉን የምንገልጽባቸው ቃላት አሉን። «ለአቅመ አዳም ደረሰ» እንላለን፣ «ራሱን ቻለ» እንላለን፣ ከሁሉ በላይ ግን «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ይህን የመጨረሻውን ቃል ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ጎጆ የሚወጣው ልጁ ነው፤ ጎጆውን የሚሠራው ግን ልጁ ብቻ አልነበረም። አባት ከመሬቱ ቆርሶ ይሰጠዋል። ከተቻለም በሬ ወይም ጥጃ ይጨምርለታል። ሽማግሌዎች ሄደው ሚስት ይጠይቁለታል። ዘመድ ለድግሱ እህሉን ያዋጣል። ጎረቤት ደቦ ወጥቶ እንጨቱን ያቆምለታል፣ ሣሩን ይከድንለታል። ልጁ በሃያ ዓመቱ ባለቤትና ባለ ርስት የሚባለው ብቻውን ታግሎ ስላሸነፈ አልነበረም። አገሩ ተሰብስቦ ሰው ስላደረገው ነበር።

ይህን ስል ያለፈው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ከእኛ መካከል የጭሰኛ ልጅ የሆነ ሰው አባቱ የሚቆርስለት መሬት እንዳልነበረው ያውቃል። ሴቶች ልጆቻችንም ገና ሳይጠነክሩ ይዳሩ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ሴት ግን በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። የሴቷ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በብዙ ቦታም ሕጉ ወረቀት ላይ ሲቀር አይተናል።

የእኔ ትውልድ ደግሞ ሌላ በር ተከፍቶለት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛነትን ሽሮ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር በሚደርስ መሬት እንዲጠቀም ፈቀደ። ወደ ከተማ የመጣነውም በትምህርት ተስፋ ነበረን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ሥራ አገኝ ይሆን ብዬ አንድ ሌሊት አላሰብሁም። በደርግ ጊዜ ከኮሌጅ የተመረቀ ሰው መንግሥት መድቦት ሥራ ይይዝ ነበር። የተመደበበትን ቦታ ይጠላ ይሆናል እንጂ ደመወዙን አያጣም።

ነገር ግን አንድ ነገር አንርሳ። እኩዮቻችን ሁሉ ይህን አላዩም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ያለቁት ወጣቶች ጎጆ አልወጡም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ይመለከት ነበር፤ ከዘመቱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። እንግዲህ «እኛ በእናንተ ዕድሜ» ብለን የምንመካው እኛ የተረፍነው ነን። የሞቱት ጓደኞቻችን ቢናገሩ ሌላ ታሪክ ይነግሯችሁ ነበር።

በ1980ዎቹ የተወለዱት ምን አገኙ?

አሁን ወደ ልጆቻችን እንምጣ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተወለዱት ዛሬ ከሃያዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ደርሰዋል። በ1976 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ኢትዮጵያ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ኤርትራ ተለይታ እንኳ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን አልፏል። መሬቱ ግን ያው ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ሽግሽግ አልተደረገም። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። አባቱ የያዘው አንድ ሄክታር የማይሞላ ከሆነ ለአራት ወንድማማች እንዴት ይቆርስላቸው? ቢቆርስስ የትኛው ይጠግባል?

ስለዚህ «ተማር» አልነው፤ ተማረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ስንል እንደ አዲስ አበባና ዓለማያ ያሉትን ጥቂቶች ነበር የምንጠራው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የተማሪው ቁጥር እንደዚያ ሲያድግ ሥራው አብሮ አላደገም። ዲግሪውን ይዞ ኮብልስቶን የፈለጠ፣ ባጃጅ የነዳ፣ በመጨረሻም ድንበር የተሻገረ ስንቱን እናውቃለን! መንግሥትም ችግሩን አላጣውም፤ በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሞ ነበር። ለታናናሾቻቸው ደግሞ የትምህርቱ በር ራሱ ጠቧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ።

የቤቱስ ነገር? አዲስ አበባ ውስጥ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት መካከል ከ15 ዓመት በላይ ዕጣ የጠበቁ አሉ። ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት የተመዘገበ ሰው አርባ ዓመት እስኪሆነው ጠበቀ ማለት ነው። አስቡት፤ ጎጆ መውጣት በዕጣ ሆነ።

«ወጣት» የሚለው ቃል ራሱ እየተለጠጠ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ዓመት ያደርሰዋል። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው በአንዱ ወረቀት ወጣት ነው፣ በሌላው ወረቀት አይደለም። በአባቱ ቤት ግን አሁንም «ልጁ» ነው።

ይህ የእኛ ብቻ መከራ እንዳይመስላችሁ። የሞዛምቢክ ተወላጅ የሆነችው ምሁር አልሲንዳ ሆንዋና እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ የአፍሪካ ወጣቶች ልጅነትን ጨርሰው ጎልማሳነት ሳይደርሱ በመካከል በመጠበቅ ላይ እንደሚገኙ ጽፋለች። በጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የፋይናንስ ሚኒስትር ከወላጆቻቸው ቤት ያልወጡትን ጎልማሶች «ትልልቅ ሕፃናት» በሚል ዓይነት ስም በመጥራቱ ብዙ ቁጣ ተነሥቶበት ነበር። በሀብታሙ አገር ቤት ኪራዩ ከብዶ፣ በእኛ ዘንድ መሬቱ አልቆ፣ ያው የአባትና የልጅ ጠብ ነው።

ስለ አገራችን ወጣቶች ያጠናው አሜሪካዊው ዳንኤል ሜይንስም በጅማ ከተማ ከሥራ ፈት ወጣቶች ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፎ መጽሐፍ ጽፏል። እርሱ አጥብቆ ያየው ነገር እኛ ሁላችን የምናውቀውን ይሉኝታን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በተወለደበት ከተማ ሊስትሮ ለመሆን ያፍራል። ሰው ምን ይለኛል ይላል። ሰው ማለት ማን ነው? እኛ ነን። እኛ እንዳንስቀበት ነው ልጁ የሚርቀው። ባሕር ማዶ ቢሆን ማንኛውንም ሥራ ይሠራል፤ የሚያውቀው ዓይን የለምና።

በስደት ጊዜ ደግሞ ይብሳል

እኔ በ1998 ዓ.ም. ቤተሰቤን ይዤ ወደ ሐርጌሳ ስመጣ ይህ ልጅ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በመዝገቡ ላይ ከእኔ ስም ሥር ተጻፈ። ጢም ሲያወጣም፣ ሃያ ሲሞላውም፣ ሠላሳ ሲሞላውም እዚያው ከስሜ ሥር ነው። ዕድሜውን ለየት ያለ ነገር አልነካውም። መሬት የለ፣ ደቦ የለ፣ የሚመድበው መንግሥት የለ። የሚጠበቅ ነገር ግን አለ፤ የሦስተኛ አገር ሠፈራ ነው። እዚህ ከተማ ያሉት ሶማሌዎች ሰው ሐሳቡ ሁሉ ወደ ባሕር ማዶ በመሄድ ተይዞ ሲኖር «ቡፊስ» ይሉታል። እኛም ቤት ቡፊስ ገብቷል።

እውነቱን እንነጋገር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ደጋግሞ እንደሚያስታውቀው በዓለም ካሉት ስደተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አገር የሚያገኙት ከመቶ አንድ አይሞሉም። ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ስትቀበል የኖረችው አሜሪካም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን አቋርጣ በመንገድ ላይ የነበሩ ብዙ ሰዎች ቀርተዋል። ተስፋ ቁረጡ ማለቴ አይደለም። ሰው መሆናችሁን ከዚያ ደብዳቤ ጋር አታስሩት ማለቴ ነው። ደብዳቤው ላይመጣ ይችላል። ዕድሜ ግን ይሄዳል።

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ነገር ልናገር። በዚህ ከተማ ሴቶቹ ልብስ በማጠብ፣ ቤት በማጽዳት፣ ሻይ በመሸጥ ከወንዶቹ ቀድመው ሥራ ሲያገኙ እናያለን። በእኔም ቤት ልጄ ያለ ሥራ በነበረባቸው ወራት የበላነው እኅቱ ያመጣችውን ነው። እርሷን ግን ማንም «መቼ ነው ሰው የምትሆኚው?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀሪካን አሸክመን ትልቅ ሰው አድርገናታል። ወንዱን ልጅነቱ አላልቅ ብሎት፣ ሴቷን ልጅነቷን ሳናቀምሳት፣ ሁለቱንም በድለናል። ወንዶች ልጆች ሆይ፣ እኅታችሁ ባመጣችው እራት ማፈር አይገባም። ማፈር የሚገባው በልቶ ሳሕኑን ሳያነሡ መተኛት ነው።

የዚህ አገር ሰዎች ምን አደረጉ?

እኛን ያስጠጋን ሕዝብ ራሱ ስደትን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቧ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሐርትሼክ የተባለው ካምፕ በዚያን ጊዜ በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር። የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው፤ እዚያ ሕፃን ሆኖ የገባ ጎልማሳ ሆኖ ወጥቷል። በዚያ ያደጉ ልጆች ዛሬ በዚህ ከተማ ሱቅ ከፍተው፣ መኪና ነድተው፣ ቤት ሠርተው እናያቸዋለን። ሼክ ኑርም ቢሆን ከስደት የተመለሱና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች የሠፈሩበት መንደር ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የየጎሣው ሽማግሌዎች ቦረማ ላይ ለወራት ተቀምጠው ሰላም አወረዱ። ሽማግሌ መቀመጡ ብቻ ግን አልበቃም። ጠመንጃ የያዘው ወጣት ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ በምትኩ የሚይዘው ነገር ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ በሠራዊትና በፖሊስ ውስጥ እንዲታቀፉ ተደረገ። ወጣትን «ይህን ተው» ማለት ቀላል ነው። «በምትኩ ይህን ያዝ» ካላሉት ግን አይተውም። የዚህ አገር ልጆችም ዛሬ ታህሪብ የሚሄዱት እንደ እኛ ልጆች የሚይዙት ስላጡ ነው።

ምን እናድርግ?

በአጭሩ አራት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ለአባቶች። ያንን ጥያቄ እንተው። «መቼ ነው ሰው የምትሆነው?» የሚለው ምክር አይደለም፤ ከቤት ማስወጫ ነው። በእሱ ፋንታ «ዛሬ እንዴት ዋልህ?» እንበል። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶችም በስልክ ይህን እየጠየቁ ልጁን እንዳያሳድዱት ንገሯቸው።

ሁለተኛ፣ ለዕድራችን። ወጣቱን ድንኳን ተካይና ወንበር ተሸካሚ አድርገነዋል። መዝገቡንና የገንዘቡን ሣጥን ግን እኛው ይዘናል። ከኮሚቴው ወንበሮች ሁለቱ ለወጣቶች ይሰጡ። ሒሳቡንም እነርሱ ይያዙ፤ በዛድ ገንዘብ መሰብሰብና መላክ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁበታል። ሰው የሚሠለጥነው አደራ ሲሰጠው ነው። ቢሳሳትስ? እኛም ተሳስተናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሠርግ። ሠርጋችን የአዳራሽ ኪራይ፣ የቪዲዮ፣ የወርቅና የልብስ ውድድር ሆኗል። እዚህ ያሉት ሶማሌ ወጣቶችም የጥሎሹ ክብደት ያስመርራቸዋል። ሽማግሌዎች ተስማምተን በቡናና በምርቃት የሚፈጸም ትዳር ነውር አለመሆኑን እናውጅ። የራሳችንን ልጆች እንዲሁ ድረን እናሳይ። ደቦም ከከተማ አልጠፋም፤ ዕቁብ አለን። አሥር ወጣቶች የጎጆ መውጫ ዕቁብ ቢጥሉ፣ ለእያንዳንዱም አንድ አንድ አባት ዋስ ሆኖ ቢቆምለት፣ ተራው የደረሰው የመጀመሪያውን የቤት ኪራይና ፍራሹን ይችላል። ይህ ዛሬ ልንጀምረው የምንችለው ነገር ነው።

አራተኛ፣ ለእናንተ ለወጣቶች። የሶማሌኛ ቋንቋ የማያውቅ ሰው ቀን ሥራ ላይም መጨረሻ ነው የሚጠራው፤ ቋንቋውን ተማሩ። ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆናችሁ አትቅሩ። አሸዋ ስታቀብሉ የግንበኛውን እጅ ተመልከቱ። ልስን፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የቧንቧ ሥራ እጅ ላይ የሚቀር ሀብት ነው፤ ድንበር ስትሻገሩ ማንም አይቀማችሁም። ጫቱ የሚበላው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይበላል። በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። መሄድ ወይም አለመሄድ የእናንተ ውሳኔ ነው፤ እኔ ልከለክላችሁ አልችልም። ነገር ግን ሳትናገሩ አትሂዱ። አንድ ሰው ፊት ቁጭ ብላችሁ «ልሄድ ነው» በሉ። አባታችሁን ከፈራችሁ የጎረቤት አባት አለ። ይህን ብሎ በዚያው ሌሊት የሄደ ብዙ አላየሁም።

የእኔ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአንድ ለሳኝ ጋር ሲሠራ ቆይቶ አሁን ለብቻው ሥራ ይጠራል። አላገባም። የምንኖረው ያው በአንድ ቤት ነው። ባለፈው ጊዜ በግቢያችን በውሃ ወረፋ ሁለት ቤተሰብ ተጣሉ፤ አንደኛው የእኛ፣ ሌላው የሶማሌ ቤተሰብ ነው። ነገሩ ሲከር ጎረቤቶች መጥተው በራችንን አንኳኩ። እኔን የፈለጉ መስሎኝ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። የጠሩት እርሱን ነው። ቋንቋቸውን ያውቃል፣ ቤታቸውን ለስኖላቸዋል፣ ያምኑታል። ሄዶ አስታርቆ ሲመለስ ምንም አላልሁትም። ማታ ግን ለእናቱ «ይህ ልጅ እኮ ሰው ከሆነ ቆይቷል፤ ያላየሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

አሁን የጥያቄ ጊዜ ነው። እንደ ልማዳችን ሽማግሌ ይቅደም እንዳትሉ። እናንተ ከኋላ የቆማችሁት ወደፊት ኑና ጀምሩ፤ እኛ ወንበር እንለቃለን።